የማሲንቆው ድምፅና የሳውንድ ካርዱ መግቢያ፦ ስለ ቤት ውስጥ የሙዚቃ ቀረጻ የቀረበ ሂስ

ሙዚቃ በቤት ውስጥ መቀረጽ ከጀመረ ወዲህ ስለ ድምፃውያኑና ስለ አቀናባሪዎቹ ብዙ ተብሏል፤ በማይክሮፎኑና በኮምፒዩተሩ መካከል ስለሚቀመጠው ትንሽ ሣጥን ግን በኪነት ገጾች ላይ እምብዛም አልተነገረም። ይህ ሣጥን በአምራቾቹ ዘንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል፤ በየስቱዲዮው የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳውንድ ካርድ ብለው ስለሚጠሩት እዚህም በዚሁ ስሙ ይነሣል። ተግባሩ ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ አጉልቶ ወደ ቁጥር መለወጥና ለኮምፒዩተሩ ማቀበል፣ ኮምፒዩተሩ የሚመልሰውን ቁጥር ደግሞ እንደገና ወደ ድምፅ ለውጦ ለጆሮ ማዳመጫና ለድምፅ ማጉያ መስጠት ነው። በፊቱና በጀርባው ያሉትን መግቢያዎች መቁጠር ሲታይ የነጋዴ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ሊቀረጽ እንደሚችል የሚወስኑት እነዚሁ መግቢያዎች በመሆናቸው ምርጫው ከዋጋ ጥያቄ አልፎ የኪነት ጥያቄ ይሆናል።

አዝማሪው እየገዘገዘ ይዘፍናል፤ እየዘፈነም ይገዘግዛል። ስንኙ ሲያርፍ ማሲንቆው ይቀበላል፤ ማሲንቆው ሲያዘገይ ድምፁ ይጠብቀዋል፤ ግጥሙን ከታዳሚው አፍ ተቀብሎ እዚያው ሲያዜመው ደጋኑ የማሰቢያ ጊዜ ያበጅለታል። ይህ መቀባበል አንድ ሥራ እንጂ ሁለት ሥራ አይደለም። የቀራጩ ሣጥን አንድ ማይክ ብቻ የሚቀበል ሲሆንና እሱም ነገሩን ሳያስብበት ሲቀር ግን «መጀመሪያ ድምፅህን ስጠን፣ ማሲንቆውን ኋላ እንጨምራለን» ይላል። በዚያች ቅጽበት አንዱ ሥራ ለሁለት ይከፈላል። አድማጭ በኋላ የሚሰማው ዘፈን ንጹሕና ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ሳይተያዩ የተነጋገሩበት ነው። እንግዲህ በዝቅተኛ ዋጋ ሳውንድ ካርድ ለመግዛት የተነሣ ከያኒ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ስንት ብር ነው ወይም ስንት ኪሎኸርትዝ ነው የሚለውን ሳይሆን፣ እነማን አብረው ሊሰሙ ይገባል የሚለውን ነው።

ጥያቄው ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ዜማ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በርሊን ውስጥ ባስቀረጿቸው ሥራዎች ነው። በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን የሚሠራ የሸክላ ቀረጻ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 በመሆኑ፣ በነጋድራስ ተሰማ ዘመን የነበረው መሣሪያ ድምፁን በአንድ ትልቅ ቀንድ እየሰበሰበ በሰሙ ላይ የሚጭር ነበር። ድምፁም ማሲንቆውም የሚገቡት በዚሁ በአንዱ ቀንድ ነው። አንዱ ከሌላው ቢያይል የሚስተካከለው ሰውየው ወደ ቀንዱ ሲጠጋ ወይም ሲርቅ፣ መሣሪያውን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ነበር። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ጫጫታው ብዙ፣ የድምፁ ስፋት ጠባብ ነው፤ ሰውየውና ማሲንቆው ግን አልተለያዩም። አንድ መግቢያ ብቻ መኖሩ በራሱ በደል እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በደሉ የሚመጣው መግቢያው አንድ በመሆኑ ምክንያት ሥራው በተራ በተራ እንዲሠራ ሲፈረድ ነው።

ድምፅን በየፈርጁ እየለዩ መደራረብ በቴፕ ዘመን የዳበረ የትላልቅ ስቱዲዮዎች ጥበብ ሲሆን፣ ወደ ተራ ሰው ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ታስካም የተባለው የጃፓን ድርጅት ፖርታስቱዲዮ 144 የተሰኘውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ነው። ይህ መሣሪያ በተራ ካሴት ላይ አራት የተለያዩ ትራኮችን ይቀርጽ ነበር። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ላይ በኒው ጀርዚ ግዛት በተከራየው ቤት ውስጥ በዚሁ መሣሪያና በሁለት ተራ ማይክሮፎኖች የቀረጻቸው ዘፈኖች ለባንዱ ማጥኛ እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ። ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ሲሞክራቸው የካሴቱን መንፈስ ማግኘት ስላልተቻለ፣ በዚያው ዓመት ኔብራስካ በሚል ርእስ የታተመው ራሱ ካሴቱ ሆነ። ስለዚህ አልበም ሲወራ የመሣሪያው ርካሽነት ዘወትር ይነሣል። ከርካሽነቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፦ ሰውየው ጊታሩን እየመታ በአንድ ጊዜ ዘፈነ፤ በቀሩት ትራኮች ላይ የጨመረው ጌጥ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። መሠረቱ አልተከፈለም። ጊታሩን በማሲንቆ ወይም በክራር ለውጦ ለሚያስብ የኢትዮጵያ ከያኒ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በየመንደሩ ስቱዲዮ የተለመደው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ የኮምፒዩተሩ ምት ይዘረጋል፤ በእሱ ላይ ኪቦርዱ ይጫናል፤ ድምፃዊው ጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ ለብቻው ይዘፍናል፤ በመጨረሻ፣ ገንዘብና ጊዜ ከተረፈ፣ ማሲንቆ መቺ ተጠርቶ በተተወለት ክፍተት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። በእንዲህ ያለው ሥራ ማሲንቆው «ባህላዊ» ለማሰኘት ከላይ የተነሰነሰ ቅመም ይሆናል። ጉዳቱ በስሜት ላይ ብቻ አይደለም፤ በቅኝቱም ላይ ይደርሳል። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ የአምባሰልም ሆነ የአንቺሆዬ እርከኖች ከመቺ መቺ መጠነኛ ልዩነት አላቸው። ኪቦርዱ ግን እርከኖቹን እኩል ከፋፍሎ አስቀድሞ ስለሚቆም፣ በኋላ የሚመጣው ባለክራር ያለው ምርጫ ክሩን ለፋብሪካው ልክ ማስገዛት ብቻ ነው። ማን ቀድሞ ተቀረጸ የሚለው ጥያቄ ማን ለማን ይገዛል ከሚለው የማይነጠል መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ይህ ሲባል ግን መደራረብ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለምን ጆሮ የሳበው የአኮርዲዮን ካሴት፣ አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን በኤሌክትሪክ ምት ላይ እየደራረበ የሠራው ነው። የብቸኝነቱ ስሜት የሥራው ሕይወት እንጂ ጉድለቱ አይደለም፤ አኮርዲዮኑ ከሌሎቹ ጋር ሲነጋገር የሚሰማው የአንድ ሰው ከትዝታው ጋር መነጋገር ነውና። ብቻውን ለሚሠራ የኪቦርድ ሰው አንድ ማይክ የሚቀበል ሣጥን ይበቃዋል፤ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣቱም ከንቱ ነው። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ድምፃዊ አንድ አቀናባሪ ብቻ መቅጠሩም የሚያስወቅሰው አይደለም። ሂሱ የሚያርፈው በልማድ ላይ ነው፦ መሣሪያው የወሰነውን አሠራር ከያኒው እንደ መረጠው አድርጎ በሚቀበልበት ልማድ ላይ።

ወደ ሣጥኖቹ ሲመጣ ገዢን በቅድሚያ የሚያሳስተው ስማቸው ነው። ቤሪንገር የሚያወጣው ዩ ኤም ሲ 22 በስሙ ውስጥ ሁለት ሁለት ቢልም የማይክ ማጉያው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መግቢያ ለጊታርና ለመሰል መሣሪያ የተሠራ ነው። ሁለት ማይክ የሚቀበለው ታላቅ ወንድሙ ዩ ኤም ሲ 202 ኤች ዲ ነው። የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎም እንዲሁ አንድ ማይክና አንድ የመሣሪያ መግቢያ ሲኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2023 አራተኛ ትውልዱ ላይ የደረሰው ቱ አይ ቱ ሁለት ማይክ ይቀበላል። አራት የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ስካርሌት ፎር አይ ፎርና ሞቱ ኤም 4 ደግሞ አራት ማይክ የሚቀበሉ ይመስላሉ እንጂ የማይክ ማጉያቸው ሁለት ሁለት ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ መግቢያዎች አስቀድሞ ጎልቶ ለሚመጣ ድምፅ፣ ለምሳሌ ለኪቦርድ፣ የሚያገለግሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሦስተኛ ትውልድ ስካርሌት 18 አይ 8 ጨርሶ ያስገርማል፤ አሥራ ስምንቱ የተገኘው የዲጂታል መግቢያዎቹ አብረው ተቆጥረው ነው፤ የማይክ ማጉያው አራት ነው። አሥራ ስምንት ሰው ይዞ የሄደ አራት ወንበር ያገኛል እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው የሣጥኑን ስም ትቶ የማይክ ማጉያዎቹን ቁጥር መጠየቅ ይኖርበታል።

ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። በውጭ አገር መደብር ከ100 እስከ 250 የአሜሪካ ዶላር ድረስ የሚሸጥ ሣጥን በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ደመወዝተኛ ዘንድ ርካሽ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ አይዘነጋም። ብዙ ሣጥኖች የሚመጡት በዘመድ ሻንጣ፣ ከዋሽንግተንም ከዱባይም፣ በመሆኑ የተሳሳተ ግዢን መልሶ መለወጥ አይቻልም። «ለጊዜው አንድ ማይክ ይበቃኛል» ብሎ የገዛ ሰው ልዩነቷን ለመሙላት ሁለተኛ ጊዜ ሙሉ ዋጋ ሊከፍል ነው። ከዚህ አንፃር ከሌላ ሰው ጋር አንድ ቀን እንኳ ለመቅረጽ ለሚያስብ ከያኒ ሁለት የማይክ ማጉያ ከልክ በታች ሊወርድ የማይገባ ነው።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ቁጥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጨምሩም። 192 ኪሎኸርትዝ የሚለው ሣጥኑ በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ ድምፁን እንደሚለካ ይናገራል። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርትዝ በላይ አይሰማም፤ በሰከንድ 44 ሺህ 100 ጊዜ መለካት ደግሞ እስከ 22 ሺህ ኸርትዝ ያለውን ለመያዝ ይበቃል። ለተንቀሳቃሽ ምስል ጭምር የሚሠራ ሰው 48 ኪሎኸርትዝ መርጦ ቢቀመጥ አይቆጭም። 192 የሚመርጥ ግን ያንኑ ዘፈን በአራት እጥፍ በሚበልጥ ፋይል ይሸከማል፤ ኮምፒዩተሩም ያቃስታል። 24 ቢት የሚለው ጥቅም አለው፤ ጥቅሙም ብዙ ሰው እንደሚመስለው በመጨረሻው ዘፈን ጥራት ላይ ሳይሆን በቀረጻው ሰዓት ቀራጩን ከጭንቀት ማሳረፉ ነው። ድምፁ ከጣሪያው 12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀረጽ የሚጎድል ነገር የለም፤ አዝማሪው በድንገት ድምፁን ከፍ ሲያደርግም አይሰነጠቅም። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ሳውንድ ካርዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም 24 ቢት ስለሆኑ በዚህ ረገድ የሚያማርጥ የለም።

የሚያማርጠው ብዙ ሰው ዐይኑን የማይጥልበት ቁጥር ነው፤ ይኸውም ማጉያው ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚነግረው የጌይን መጠን ነው። በአራተኛው ትውልድ ስካርሌት ሶሎ 57 ዲሲቤል፣ ቱ አይ ቱ 69 ዲሲቤል ያጎላሉ፤ የኦዲየንት ኢቮ 4 መጠን 58 ነው። የ6 ዲሲቤል ብልጫ የሞገዱን ቮልቴጅ በእጥፍ ገደማ ማሳደግ ማለት ስለሆነ በ57ና በ69 መካከል ያለው ልዩነት የአራት እጥፍ ነው። ለሚጮኽ ድምፃዊ ይህ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ለበገና ግን ሁሉም ነገር ነው። በገና ለጸሎት የተሠራ፣ ለክፍሉ እንኳ ሳይሆን ለደርዳሪው ደረት የሚናገር መሣሪያ ነው፤ አሥሩ አውታሮች ሲመቱ የሚሰማው ያ የሚነዝረው ድምፅ ከአውታሩና ከብርኩማው መካከል ከሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ ከእንዚራው፣ የሚወጣ ነው። ደርዳሪውም በለሆሳስ ያዜማል። ጉልበት የሌለው ሣጥን የያዘ ቀራጭ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ስላልበቃው በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደገና ያጎላዋል፤ በዚህን ጊዜ የክፍሉ ሹክሹክታና የመብራቱ የ50 ኸርትዝ እምቢልታ አብረው ያድጋሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጫጫታ ማጽጃ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሳያቋርጥ የሚነዝርን ድምፅ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ሊቆጥር ስለሚችል፣ መብራቱን አጸዳለሁ ሲል እንዚራውን ይላጨዋል። የቀረው ድምፅ ንጹሕ ነው፤ በገና ግን አይደለም። ይህን ጥፋት ከመነሻው የሚያስቀረው በዋጋ ጥቂት የሚበልጥ ማጉያና ወደ መሣሪያው በደንብ የተጠጋ ማይክሮፎን ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅረጽም ብዙ ጊዜ እምቢልታውን ያጠፋዋል፤ ለዚህ ሳንቲም አይወጣም።

ሌላው የሚፈራ ነገር የድምፅ መዘግየት ነው። ድምፁ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ በጆሮ ማዳመጫ እስኪመለስ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በፈር የሚባለው መጠባበቂያ በ1024 ናሙና ላይ ሲቀመጥና ቀረጻው በ48 ኪሎኸርትዝ ሲሆን፣ አንዱ መንገድ ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ሲመለስ ከ40 ያልፋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ይህ ከራስ በ14 ሜትር ርቆ እንደ መዝፈን ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የትዝታ ቅኝት ሽርሽር፣ የአንገት ማወዛወዙ፣ የድምፁ መንቀጥቀጥ እንዴት ይመጣል? በፈሩን ወደ 128 ማውረድ መዘግየቱን በአንድ መንገድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል፤ ኮምፒዩተሩ ደካማ ከሆነ ግን ድምፁ ይቆራረጣል። መፍትሔው ድምፁ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳይሄድ ከሣጥኑ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው እንዲመለስ የሚያደርገው ማብሪያ ነው፤ ይህ የሌለው ሣጥን በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው። ይሁን እንጂ ስለ መዘግየት የሚወራው ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋል። መዘግየት የሚያሠቃየው ቀድሞ በተቀረጸ ድምፅ ላይ የሚደርበውን ሰው ነው። ማሲንቆ መቺው፣ ክራር ደርዳሪውና ተቀባዮቹ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲቀረጹ በገዛ ጆሯቸው ይሰማማሉ፤ ጆሮ ማዳመጫም አያሻቸውም። ለመነጣጠል ሲባል የተፈጠረው ችግር አብረው ሲቀመጡ በራሱ ይጠፋል።

አንድ አዝማሪ በሁለት ማይክ ሲቀረጽ የሚደረገው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። አንዱ ማይክ ከአፉ 15 ሳንቲሜትር ያህል፣ ሁለተኛው ከማሲንቆው ቆዳ እንዲሁ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይቀመጣል፤ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የዚህ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይደረጋል። ከዚህ ከተቀራረቡ ሁለቱም ያንኑ ድምፅ በተለያየ ሰዓት ስለሚሰሙ ሲደባለቁ ይሻማሉ፤ ማሲንቆውም ከቱቦ ውስጥ እንደሚወጣ ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ድምፅ መሾለኩ ግን አያስደነግጥም፤ ያ መሾለክ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ነበሩ የሚመሰክር ነው። የሶሎ ዓይነት ሣጥን ያለው ሰው ለድምፁ ማይኩን፣ ለማሲንቆው ደግሞ በቆዳው ላይ የሚለጠፍ ፒካፕ በመሣሪያ መግቢያው በኩል ሊጠቀም ይችላል። ፒካፕ ክሩን ያመጣል እንጂ የሣጥኑን አየር አያመጣም፤ በዚህ ምክንያት ማሲንቆው ደረቅ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ አንዱን ማይክ ወደ 70 ሳንቲሜትር አርቆ በደረት ከፍታ ማቆምና፣ ልክ በሸክላው ዘመን እንደ ነበረው፣ ማይኩን ወደ አፍ ወይም ወደ ማሲንቆው ጥቂት ጥቂት እያዘነበሉ በጆሮ ማመዛዘን የተሻለ ሥራ ይሰጣል። በኋላ ላይ ሚዛኑን ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ቀራጩ ውሳኔውን በዚያው ሰዓት መወሰን አለበት። ክፍሉ ግን ጸጥ ያለ መሆን ይገባዋል፦ በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ የተሰቀለበት፣ በክረምትም ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ የማይወርድበት ሰዓት የተመረጠለት። ለክፍሉ ዝግጅት የማይጨነቅ ሰው ስለ ሣጥን ምርጫ ቢጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

የባህል ቡድን፣ ማለትም ከበሮ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ተቀባዮች ሲኖሩ አራት የማይክ ማጉያ ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ዋጋ በዚህ በኩል ከሚጠቀሱት አንዱ ዩ ኤም ሲ 404 ኤች ዲ ነው። በማጉያው ጥራት ከእሱ የሚበልጡ ሁለት መግቢያ ያላቸው ሣጥኖች በተቀራራቢ ዋጋ ይገኛሉ፤ ለቡድን ሥራ ግን በጥቂቱ የሚሻል ሁለት ማጉያ ይዞ ከበሮውን ለሌላ ቀን ከመቅጠር አራቱን መያዝ ይመረጣል። ችግሩ መብራት ነው። ሁለት ማይክ የሚቀበሉት ሣጥኖች አብዛኛዎቹ ኃይላቸውን ከዩ ኤስ ቢው ስለሚወስዱ መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር ይቀጥላሉ፤ 404 ኤች ዲን የመሰሉት ግን የራሳቸውን አዳፕተር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወደ ገጠር ወርዶ ዘፈን ለመሰብሰብ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ማመዛዘን አለበት። ፋየርዋየር በሚባለው አሮጌ ገመድ የሚሠሩ፣ ስምንት ማይክ የሚቀበሉ ያገለገሉ ሣጥኖች አንዳንዴ በርካሽ ይገኛሉ፤ ይህ መግቢያ ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ከጠፋ ዓመታት ስላለፉ አሮጌ ኮምፒዩተር በእጁ ለሌለው ሰው ጌጥ ከመሆን አያልፉም።

ጉዳዩ ቤቱ ለሚቀርጽ ግለሰብ ብቻ የሚተው አይደለም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች፣ የወጣት ማዕከላትና የባህል ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዙት በጨረታ ሰነድ ነው፤ በሰነዱ ላይ 192 ኪሎኸርትዝ በመጀመሪያው መስመር ተጽፎ የማይክ ማጉያው ቁጥር ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ነጋዴው ሰነዱን ያሟላል፤ የትምህርት ቤቱ መዘምራን ግን በአንድ ማይክ ይቀራሉ። ሰነዱን የሚያዘጋጀው መምህር ወይም ኃላፊ ስንት የማይክ ማጉያ፣ እያንዳንዱ በስንት ዲሲቤል የሚያጎላ፣ ባለ 48 ቮልት ማይክ የሚቀበል፣ በቀጥታ ማዳመጥ የሚያስችል፣ ያለ ልዩ ፕሮግራም በስልክም በኮምፒዩተርም የሚሠራ ብሎ ቢጽፍ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ከመደብር የሚገዛ ሰውም ነጋዴው ከፈቀደለት ላፕቶፑንና ማይኩን ይዞ መሄድ ይችላል። በቅድሚያ ማይኩን ሰክቶ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ይክፈተውና ማንም ሳይናገር በጆሮ ማዳመጫ ያድምጥ፤ የሚሰማው ለስላሳ እስትንፋስ መሰል ድምፅ ከሆነ ደህና ነው፤ የሚያፏጭ ወይም የሚያንጎራጉር ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ ይድገመው። ቀጥሎ ሁለቱንም መግቢያዎች በየተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይሞክር፤ አብሮት የሄደው ባልደረባ በአንዱ ማይክ ሲያዜም እሱ በሌላው ላይ ክራሩን በለሆሳስ ይምታና የቀረጹትን መልሰው ይስሙት።